ለአኮ የሚሆን ዶቃ፦ ማርትሬዛዎቹን ላቅልጥ?

የጅሬኗ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አኮ፣ የአባቴ እናት፣ ካረፈች ዓመት ይሞላታል። ከእሷ እጄ ላይ የቀረችው አንዲት የዶቃ ክር ናት። ለማያውቃት ሰው ተራ ጨሌ ትመስላለች። ለእኛ ቤት ግን የሙታኖቻችን መዝገብ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተሰቡ ሰው ሲሞት አኮ ሐዘኑ በረድ እስኪል ትጠብቃለች። ከዚያ ሐሙስ ገበያ ትወርድና አንድ ዶቃ ትገዛለች። ያገኘችውን አይደለም። ሟቹን የሚመስል እስክታገኝ ሦስት አራት ሐሙስ የምትመላለስበት ጊዜ ነበር። ለአያቴ ትልቅ ጥቁር ዶቃ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነበር። በተወለደች በሦስተኛ ቀኗ ላረፈችው አክስቴ የጤፍ ያህል ነጭ። ሹፌር ለነበረው አጎቴ ቀይ፣ ብርሃን ሲያርፍባት የመኪና የኋላ መብራት የምትመስል። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ከዶቃዎቹ ሦስቱ የእሷ ወገኖች ናቸው። አኮ ለይታ አታውቅም።

ዓርብ ዓርብ ቡና ሲፈላ ክሩን ከአንገቷ ታወልቃለች። አንድ በአንድ በጣቷ እየያዘች ስማቸውን ትጠራለች። እኛ የልጅ ልጆቿ ተቀብለን እንደግማለን። ግማሾቹን በዓይኔ አላየኋቸውም። ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ዶቃዎቹ 19 ናቸው። 20ኛው የእሷ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ ትርፍ ቦታ አለ፤ ራሷ ናት ያስተረፈችው።

እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጌጣጌጥ እሠራለሁ። ዶቃ መሰካት፣ ሽቦ ማጠማዘዝ እችላለሁ። ብር አቅልጬ ግን አላውቅም። አኮ ከክሩ ሌላ ሦስት ማርትሬዛ፣ የድሮውን ጠገራ ብር፣ ትታለች፤ ለበዓል በጥቁር ክር አንገቷ ላይ የምታደርጋቸው። የልጅ ልጆች ስድስት ነን። የአጎቴ ልጅ «እናቅልጣቸውና ለስድስታችን እኩል ይድረሰን፣ ከዚያው ላይ የአኮም ዶቃ ይሠራ» ይላል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዶቃና ክር (ሰኞ ሌሊት)

እህቴ፣ ስለ ማቅለጡ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ዛሬ ማታ ሳትተኚ የ19ኙን ስም በቅደም ተከተል ጻፊው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የዶቃውን መልክ አስፍሪ። ስልክሽ ላይ ብቻ እንዳይሆን፤ ወረቀት ላይ። ሁለት ቅጂ አድርጊና አንዱን ለአባትሽ ስጪ።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። የእናቴ ዶቃ ባጃጅ ላይ ስወጣ ተበጠሰብኝ። ዝናብ ነበር። ተንበርክኬ ከጭቃ ውስጥ የለቀምኩት ግማሹን አይሆንም። ክሩ አርጅቶ ነበር፤ በዶቃና በዶቃ መሀል ቋጠሮ አልነበረውም። ቋጠሮ ቢኖረው የሚወድቀው አንዱ ብቻ ነበር።

አሮጌውን ክር አትጣይው፤ ግን ሸክሙን አታሸክሚው። ከሱ ጎን ጠንካራ የጥጥ ክር ሰም ቀብተሽ አብረሽ አሳልፊ። ናይለን አልወድም። ዶቃው ቀዳዳው ሻካራ ከሆነ ናይለኑ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ይቆረጣል።

አላህ ይዘንላት አኮን።

አንጥረኛ ከሒርማታ (ማክሰኞ ጠዋት)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብር ስቀጠቅጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ሦስቱ ተደምረው 84 ግራም። ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዳችሁ 14 ግራም ይደርሳል፤ ሲቀልጥና ሲሞረድ ከዚያም ላይ ይጎድላል። ድሮ በዚህ አገር ድሪው፣ አምባሩ፣ አልቦው፣ የአንገት መስቀሉ አብዛኛው የተሠራው ይህንኑ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነው። ስለዚህ ማቅለጥ ነውር ነው አልልሽም። ነውር ቢሆን የእኔ ቤት ምንም አይቀረውም ነበር።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ማርትሬዛው ላይ የተጻፈው 1780 ነው፣ በፈረንጅ። ያ ዓመት ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ነው። ከዚያ ወዲህ በየትም አገር፣ በማንኛውም ዘመን ሲመታ ዓመቱ አይለወጥም፤ 1780 ነው። ሴትየዋንም ደህና አድርገሽ እያት። ራሷን ተከናንባለች። የመበለት መከናነቢያ ነው። ባሏ በ1765 ሞቶባት እስከ ዕለተ ሞቷ ከሐዘን ልብስ አልወጣችም። እና አኮሽ አንገቷ ላይ አድርጋ የኖረችው ሐዘንተኛ ሴት ነው። ታውቀው ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኔ ግን ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማርትሬዛ እሳት ውስጥ ስጨምር እጄ ይከብደኛል።

የሽማግሌዎቹን ነገር ሰምተሽ ይሆናል። ማርትሬዛ ሲቀበሉ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነጥቦች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ካልተሟላ አይቀበሉም። አንቺም ቁጠሪ። ነጥቦቹ ጠፍተው ፊቷ ለስልሶ ካገኘሽው፣ ያለሰለሰው የአኮሽ ደረት ነው። ከቀለጠ በኋላ ብሩ ማን አንገት ላይ እንደነበረ አይናገርም።

ዶቃውን በሌላ ብር እንሥራው። ለአንድ ዶቃ የሚፈልገው ኢምንት ነው።

ሰደቃ ትበልጣለች (ማክሰኞ ከሰዓት)

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። አላህ ቀብሯን ያብራላት።

በፍቅር ነው የምጽፈው፤ በክፉ አትይብኝ። ዶቃው ከክፉ ይጠብቀናል፣ ወይ ሟች በሱ በኩል ይደርስልናል የሚል ሐሳብ ካለበት ተጠንቀቂ። ያ ክታብ ማንጠልጠል ይሆናል። ስማቸውን ለማስታወስና ዱዓ ለማድረግ ከሆነ ግን እኔ ችግሩ አይታየኝም። ለሴት ብርም ወርቅም የተፈቀደ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከጌጥ ትታቀባለች፣ ሌላው ዘመድ ሦስት ቀን። አንቺ ከዚያ አልፈሻል።

አንድ ምክር ልጨምር። ለብሩ ያወጣሽውን ያህል ሰደቃ አውጪላት። ዶቃው ለእናንተ ነው፣ ሰደቃው ለእሷ።

አዌቱ ዳር (ማክሰኞ ማታ)

ሁሉን አንብቤ ዝም ብዬ ልወጣ ነበር። አልቻልኩም።

የእኔም እናት ጨሌ ነበራት፤ ከእናቷ የወረደ። እሷ ከሞተች በኋላ አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ «ይህ የባዕድ አምልኮ ነው፣ ቤታችሁ ሰላም ያጣው በሱ ነው» አለን። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሐዘን ላይ ነበርን፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ የምንሰማበት ጊዜ ነው። ወንድሜና እኔ አዌቱ ድልድይ ላይ ቆመን ወረወርነው። 12 ዓመት ሆነው።

በጨሌ ሌላ ነገር የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ለአድባር፣ ለውቃቢ የሚሉ አሉ። የእናቴ ግን እንደዚያ አልነበረም። ለሠርግና ለበዓል የምታደርገው ጌጥ ነበር። ሁሉም አንድ ስም ስላለው አንድ ላይ ተወገዘ። ዛሬ ለልጄ የማሳያት ነገር የለኝም። በድልድዩ ስናልፍ «አያትሽ እዚህ ናት» ብያት አውቃለሁ። ሕፃኗ ወደ ውኃው አየች። እኔም አየሁ።

አደራሽን፣ የሚመጣብሽን ሁሉ አትስሚ።

የጅሬኗ (ማክሰኞ ሌሊት)

አዌቱ ዳር፣ ሆዴ ባባ። እናትሽን ነፍስ ይማር። ስለ እሷ ሌላ ብትጽፊልን እናነባለን።

ሰደቃ ትበልጣለች፣ በክፉ አላየሁትም። አኮ ራሷ «ይህ ክታብ አይደለም፣ ወረቀት ነው። እኔ መጻፍ አልችልም፤ በዶቃ ጻፍኩት» ትለን ነበር። የሰደቃውን ምክር ተቀብያለሁ፣ ለአባቴም ነግሬዋለሁ።

ጋሼ፣ ማርትሬዛዎቹን አውጥቼ በመብራት አየኋቸው። የሁለቱ ነጥብ ይቆጠራል። የሦስተኛው ፊቷ እንኳ የለም። አላቀልጣቸውም። የአጎቴን ልጅ እንዴት እንደማስረዳው ነው የቀረኝ።

ሌላ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አኮ ስታርፍ ሴቶቹ ሊያጥቧት ልብሷን ሲያወልቁ ገንዘብ የምትቋጥርበት የነጠላዋ ጫፍ ላይ 4 ፍሬ ጥሬ ቡና ተቋጥሮ ተገኘ። ጓሮዋ ካለው ዛፍ ነው። ሁልጊዜ ትይዛለች፤ ለሚሄድ ሰው ሁለት ፍሬ መዳፉ ላይ ታስቀምጥና «ባዶ እጅህን አትሂድ» ትላለች። ለመመረቂያ እንጂ ለመጠጫ አይበቃም። አራቱን ፍሬ አክስቴ ሰጥታኝ እስካሁን ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ።

የአኮ ዶቃ የቡና ፍሬ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ግን ፍሬውን እንዲሁ ብሰካው ይነቅዛል። በብር መልኩን ማውጣት ይቻላል?

አንጥረኛ ከሒርማታ (ረቡዕ ጠዋት)

ይቻላል። እንዲያውም ከጥንት የመጣ ጥበብ ነው። ሰምና ወርቅ ስንል ቅኔ ብቻ ይመስለናል፤ ስሙ የተወሰደው ከእኛ ሥራ ነው። ጌጡን በሰም ትሠሪዋለሽ። ሰሙን በጭቃ ትለብጪዋለሽ። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ላይ ወርቁ ይገባል።

በቡና ፍሬ ሲሆን ሰሙ ፍሬው ራሱ ነው። ፍሬው ጭቃው ውስጥ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። አመዱን ነፍተሽ ታወጪዋለሽ። ብሩ ፍሬው የነበረበትን ቦታ ይሞላል፤ መሀሉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ትወጣለች። ነገር ግን ልጄ፣ ይህን ዕወቂ፦ ፍሬው አይመለስም። ቢበላሽም ባይበላሽም አንዱ አንድ ጊዜ ነው። አራት ብቻ ነው ያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ቡና ተለማመጂ።

አሠራሩን በአጭሩ። ጥሬው ፍሬ ይሻላል፤ የተቆላው ያብጣል፣ መልኩም ይለወጣል። ንጹሕ የንብ ሰም ፈልጊ፤ ጅማ ላይ ሰም አይቸግርሽም። ከሰሙ እንደ ክብሪት እንጨት የወፈረ ዘንግ ሠርተሽ ፍሬው ጫፍ ላይ አጣብቂ፤ የብሩ መግቢያ እሱ ነው። በሌላው ጫፍ ቀጭን መተንፈሻ አድርጊ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ብሩ አይገባም። ጭቃው የተነፋ ሸክላ አፈርና የላመ ከሰል ነው። የመጀመሪያውን ልባስ አቅጥነሽ በብሩሽ ቀቢ፤ ሲደርቅ እየደረብሽ አወፍሪው። በጥላ ይድረቅ፤ አትቸኩይ። ከዚያ በዝግታ አሙቂው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው፤ መዳብ ያለበት ከዚያ ቀድሞ ይቀልጣል። ብሩ ጠርቶ እንዲፈስ ቦራክስ የሚባለውን ዱቄት ነስንሺበት።

የቡና ፍሬ የሚያህል ብር ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። ግን የምታቀልጪው ከዚያ በላይ ይሁን፤ መግቢያው ላይ የሚቀረው ብር ክብደት ነው ታች ያለውን የሚገፋው።

ይህን ብቻሽን አታድርጊው። እሳቱ ያለው እኔ ጋ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ከአባትሽ ጋር ነዪ።

ከባሕር ማዶ (ረቡዕ ማታ)

ጅማ ነው ያደግኩት፣ አሁን እንግሊዝ ነኝ። እዚህ አገር ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ለሐዘን የሚደረግ ጌጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 ከሞተ በኋላ 40 ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ ኖረች። ሕዝቡም ተከተላት። ዊትቢ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጄት የሚሉት ጥቁር ነገር ይወጣል፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ከጥንት ዛፍ ቅሪት የተገኘ ነው። ከሱ የአንገት ጌጥና ጉትቻ ይፈለፍሉ ነበር። የሟችን ፀጉር ጎንጉነው ቀለበት ውስጥ የሚያስገቡም ነበሩ።

መጀመሪያ ሙዚየም ውስጥ ሳየው ዘገነነኝ። እኛ ሐዘን ላይ ጌጥ እናወልቃለን እንጂ መቼ እናደርጋለን? እናቴ አባቴ ሲሞት ጉትቻዋን አውልቃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ጉትቻውን ከተዝካሩ በኋላም አልመለሰችውም። ያንቺን አኮ ሳነብ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አኮ ዶቃውን የምትገዛው ሐዘኑ ከበረደ በኋላ ነው። ለማልቀሻ አይደለም፤ አብሮ ለመኖር ነው። የእናቴ ጉትቻ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ። ሰሞኑን ደውዬ እጠይቃታለሁ።

የመንገድ ሰው (ሐሙስ ጠዋት)

ለሥራ ኮንሶ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ለጀግና መቃብር ዋካ የሚሉትን የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ። ሟቹ ብቻ አይደለም፤ ሚስቶቹም ተቀርጸው አብረውት ይቆማሉ። ከፊታቸው ይልቅ እኔን የማረከኝ አንገታቸው ነው። ጨሌው ሳይቀር ከእንጨቱ ላይ ተቀርጿል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 በፈረንጅ ዩኔስኮ ሲመዘገብ ዋካዎቹም አብረው ተጠቅሰዋል። ያንቺን ሳነብ ያንን አስታወሰኝ። በርቺ።

የጅሬኗ (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ)

ጠፋሁባችሁ። ጋሼ ቤት ነበርኩ።

ልምምዱን በገበያ ቡና ጀመርን። የመጀመሪያው ጭቃ እሳት ላይ ጧ ብሎ ፈነዳ። ጋሼ «እርጥብ ነበር» አለ። ሁለተኛው ላይ ብሩ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ቅርጹ ቀዝቅዞ ነበር። ሦስተኛው ላይ አመዱ በደንብ አልወጣም፤ ፍሬው ፈንጣጣ የያዘው መሰለ። አራተኛውና አምስተኛው አማረ። ከዚያ ወደ አኮ ፍሬዎች ገባን።

የመጀመሪያዋን ፍሬ ጭቃ ውስጥ ስከት አለቀስኩ። እውነቴን ነው። ይህን ሁሉ ወር በወረቀት ጠቅልዬ የያዝኩትን በገዛ እጄ ላቃጥለው ነው። ጋሼ ወናፉን ይዞ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝምም።

እሷ ተበላሸች። ስንጥቋ አልወጣም። ድፍን እንክብል ሆነች።

ሁለተኛዋ ወጣች። ጭቃውን ሰብረን ስናወጣት እንደ ከሰል ጥቁር ነበረች። ሎሚ ውስጥ አሳድረን ስንፈገፍጋት ነጭ ሆነች። ስንጥቋ አለ። ከጀርባዋ በኩል ፍሬው ላይ የነበረ ትንሽ ጭረት ነበር፤ እሱም አለ። ሁለቱን የቀሩትን ፍሬዎች ወደ ወረቀታቸው መለስኳቸው።

የአጎት ልጅ (እሑድ ማታ)

እናቅልጥ ብዬ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ሊንኩን ላከችልኝና ሁሉን አነበብኩት።

እኔ ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ወደ ዓረብ አገር እሄዳለሁ። ሁላቸውም እዚህ ጅማ ናቸው፤ ዓርብ ተሰብስበው ቡና ይጠጣሉ። እኔ እዚያ ማን ይኖረኛል? ከአኮ የሆነ ነገር አንገቴ ላይ ወይ ኪሴ ውስጥ እንዲኖር ነው የፈለግኩት። ይህን ፊት ለፊት መናገር ከበደኝ። ስለ ብር ክፍፍል ማውራት ቀለለኝ።

አንጥረኛ ከሒርማታ (እሑድ ሌሊት)

ልጄ፣ ይህን ቀድመህ ብትናገር ማንም አይከራከርህም ነበር። የአኮ ዛፍ ጓሮ ውስጥ አለ አይደል? ከዛፉ ስድስት ፍሬ አምጡልኝ። እህትህ አሁን እጇ ለምዷል። ያንተን ከመሄድህ በፊት እናደርሳለን።

ያቺንም የተበላሸችውን እንዳትጥሏት። ብሯን አታቅልጧት። የአኮ ፍሬ ነው የተቃጠለባት።

የጅሬኗ (ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ማታ)

ዛሬ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ሰደቃው ወጣ። የብሩን ያህል ብቻ አይደለም፤ አባቴ ጨመረበት። ከሰዓት ጅሬን ቤቷ ተሰበሰብን። የእናቴ ወገኖችም መጡ። ቡና ከዛፏ ተለቅሞ ተቆላ።

ክሩን ዶቃና ክር እንዳለችው አድርጌ አዲስ የጥጥ ክር በሰም ቀብቼ ከአሮጌው ጋር አሳለፍኩት። በየመሀሉ ቋጠሮ አለው። የተበላሸችውን ድፍን ፍሬ ማሰሪያው ላይ መቆለፊያ አደረግኳት። ልክ ሆነች።

የአጎቴ ልጅ ሄዷል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን መሀል ምንጣፉ ላይ አስቀመጥነው። የእሱ ፍሬ ቀለበት ሆኖ ጣቱ ላይ ነው። ሰውየው አጠገብህ ሆኖ ሲያወራ እንኳ የማይሰማ ድምፅ ነው ያለው፤ ዛሬ ግን ስሞቹን ሲደግም ከሁላችን በላይ ይሰማ ነበር።

እኔ ነኝ የጠራሁት። ከአንድ እስከ 19 ደረስኩ። ልጆቹ ሁሉ እየተቀበሉ ደገሙ። 20ኛዋ ላይ ጣቴን አድርጌ ስጀምር ቆምኩ። «አኮ» ማለት አልቻልኩም፤ አኮ ስም አይደለም። ልጆቹን አየኋቸው። አንዳቸውም ስሟን አያውቁም ነበር። ሁላችንም አኮ ብለናት ነው የኖርነው።

አባቴ ከጥግ ሆኖ ስሟን ጠራ። ደገምነው።

አዌቱ ዳር (ዓርብ ሌሊት)

አሁን ልጄን ቀስቅሼ የእናቴን ስም ነገርኳት። ደግማልኝ ተኛች።

ልጠይቅሽ፣ ከ20ኛዋ በኋላ ክር ተርፏል?

የጅሬኗ (ዓርብ ሌሊት)

አራት ጣት ያህል። እኔ ነኝ ያስተረፍኩት።